ከሥዕሉ ሥር ያለችው ቀይ መብራት

አንድ ሹፌር ነበረ። የሚነዳው የእድር መኪና ነበር። ሥራው የሰፈሩን ሙታን ከቤታቸው ወስዶ ቤተ ክርስቲያን ማድረስ፣ ለቀስተኛውንም መልሶ ማምጣት ነው።

አየሽ ይርገዱ፣ ጥያቄሽን ሸሽቼ ወሬ ላወራሽ አይደለም። ገና ከበር ስትገቢ «ጋሼ፣ እፍረት በምን ይጠፋል?» አልሽኝ። ከዚያ እያለቀስሽ ነገርሽኝ። ጆሮሽ መድከም ከጀመረ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ለትምህርት ቤቱ አልተናገርሽም። የልጆቹን ከንፈር እያየሽ ታስተምሪያለሽ። በቃል ፈተናው ቀን ያቺ ድምፀ ቀጭን ልጅ የመለሰችውን ሳትሰሚ «አልመለሰችም» ብለሽ ዜሮ ሰጠሻት። አጠገቧ የተቀመጠችው ጓደኛዋ ተነስታ «ቲቸር፣ መልሳለችኮ!» ስትልሽ ደግሞ «ቁጭ በይ!» ብለሽ ጮህሽባት። አልሰማሁም ማለት አቅቶሽ። አሁን ልጅቷ ክፍል ልትደግም ነው። ካርድ የሚሰጠው ዓርብ ነው፤ ዛሬ ረቡዕ ነው። አንቺ ግን ስለ ልጅቷ አልጠየቅሽኝም፤ የጠየቅሽኝ እፍረትሽን የምታጠፊበትን መንገድ ነው።

ስለዚህ ዝም ብለሽ ስሚኝ። ወደዚህ ዙሪ፤ በደህናው ጆሮሽ በኩል ልቀመጥ። ጮክ ብዬ ነው የምነግርሽ። ጎረቤት ቢሰማም ይስማ።

ሹፌሩ በሥራው የሚታማ ሰው አልነበረም። ጥሩንባ ነፊው ሰፈሩን ዞሮ ሳይጨርስ መኪናው ታጥቦ ከሟቹ ቤት በር ላይ ይቆማል። ክራቫቱን ሳያስር አስከሬን ጭኖ አያውቅም። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ቀብር አላስረፈደም፤ መንገድ ላይም ቆሞ አያውቅም። እድሩ በዓመት አንድ ጊዜ ጠቅላላ ስብሰባ ሲጠራ ሽማግሌዎቹ ስሙን ጠርተው ያመሰግኑታል፤ እሱም አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። ደስ ይለው ነበር፤ ማንን ደስ አይለው? እየቆየ ግን የሞተሩ ጤንነትና የራሱ ስም አንድ ነገር መሰሉት። ሞተሩ ታመመ ማለት እሱ ቀለለ ማለት ሆነበት።

የሞተር ዘይት የሚቀይረው ራሱ ነበር። አንድ ጧት አሮጌውን ዘይት አፍስሶ ሳይጨርስ ጥሩንባ ተነፋ። ቸኮለ። የማፍሰሻውን ቡሎን በጣቱ አዙሮ አስገባና በቁልፍ ሳያጠብቀው አዲሱን ዘይት ሞልቶ ወጣ። እንዳያስረፍድ ነበር። የዚያን ቀን ቀብሩ ሩቅ ገጠር ነበር፤ በሰዓቱም ደረሰ፤ ሟቹም በሰላም ተቀበረ። ሲመለሱ ዳገት ላይ ከመሪው ኋላ ቀይ መብራት ብልጭ አለ። የዘይት መብራት ነበረች።

አየት አድርጓት «ይጠፋል» አለ። ጥቂት ሄዶ እንደገና በራች፤ አሁን አልጠፋችም። ያኔ ዳር ይዞ ቆመ። ለተሳፋሪዎቹ «ውሃ ልጨምር ነው» አላቸው። ወርዶ ከሥር ሲያይ ዘይቱ በቡሎኑ በኩል እየተንጠባጠበ ነው። የዘይት መለኪያ ዘንጉን ሲመዝ ጫፉ ብቻ ነው የረጠበው። ቡሎኑን አጠበቀ፣ ለክፉ ቀን ያስቀመጠውን ዘይት ጨመረ፣ ሞተሩን አስነሳ። መብራቷ ጠፋች። ተሳፋሪዎቹም «ሹፌር ማለት እንዲህ ነው!» አሉት። እዚያው ቢናገር ኖሮ ምን ይሉት ነበር? ስቀው፣ ጥቂት ሰድበው ያልፉት ነበር። እሱ ግን ፊቱ እየጋለ ምስጋናውን ተቀበለ።

ሞተርን የማታውቂ ሰው ስለሆንሽ ይህን ልንገርሽ። ሞተር ውስጥ ኮሎ የሚባል ወፍራም የብረት ዘንግ አለ። የሚዞረው ብሮንዚን በሚሏቸው ቀጫጭን ማቀፊያዎች ውስጥ ነው። ዘንጉና ማቀፊያው ሲዞሩ መነካካት የለባቸውም፤ በመካከላቸው ተገፍቶ የሚገባ ስስ የዘይት ሽፋን አለ። ያ ሽፋን ለጥቂት ደቂቃ ከጠፋ ማቀፊያው ይፋቃል። የተፋቀው ተመልሶ አይሞላም። ክፍተቱ ሲሰፋ ዘይቱ በዚያ በኩል በቀላሉ ያመልጣል፤ ዘይቱ ሲያመልጥ ግፊቱ ይወርዳል፤ ግፊቱ ሲወርድ ደግሞ ማቀፊያው የባሰ ይበላል። ሹፌሩ ዘይት መሙላቱ ጥሩ ነው፤ ዘይቱ ግን የተበላውን አልመለሰም።

ከዚያ በኋላ መብራቷ ጊዜ መርጣ መብራት ጀመረች። ጧት፣ ሞተሩ ሳይግል፣ የለችም። በሰፊው መንገድ ሲበር የለችም። የቀብር መኪና እንዴት እንደሚሄድ ግን ታውቂያለሽ። ካህናቱ ከፊት ናቸው፣ ለቀስተኛው ግራ ቀኙን ሞልቶታል፣ መኪናው በሰው እርምጃ ይንፏቀቃል። ለፍትሐት ሰባት ቦታ ይቆማል። ሞተሩ ግሎ፣ ነዳጅ ሳይረገጥለት ቀስ ብሎ ይዞራል። መብራቷ የምትበራው ያን ጊዜ ነው። በሌላ ጊዜ ሁሉ ደህና፣ በዋናው ሥራው ሰዓት ቀይ።

ነዳጅ ረገጥ ሲያደርግ እንደምትጠፋ ደረሰበት። ስለዚህ በየማረፊያው ካህናቱ ፍትሐት ሲያደርሱ እሱ ማርሽ አውጥቶ ሞተሩን ማስጓራት ጀመረ። አንድ ቀን አንዲት አሮጊት ወደ መስኮቱ ተጠግተው «ልጄ፣ ምን ያስጓራሃል? እሱ እንደሆነ ከእንግዲህ አይቸኩልም» አሉት። አጠገባቸው ያሉት ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ሹፌሩ ግን የሚገባበት ጠፋው።

በማግሥቱ መኪናውን ወደ አንድ መካኒክ ወሰደው። መካኒኩ ወዳጁ ነበር፤ አንድ ሰፈር ያደጉ ናቸው። «መብራቷ ሳታብድ አልቀረችም፤ ተመልከታት» አለው።

መካኒኩ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነበር፤ በዚህ አልደራደርም። መብራት አንዳንዴ በከንቱ ይበራል፤ ስለዚህ መጀመሪያ መብራቷን ራሷን ጠረጠረ። ግፊቱን ለመብራቷ የሚያስተላልፈውን ትንሽ ዕቃ ከሞተሩ ነቅሎ በቦታው የግፊት መለኪያ አሰረ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ቀስቱ ደህና ቦታ ቆመ። «ይኸው፣ ደህና ነው!» አለ ሹፌሩ።  መኪናውን ይዘው ሰፈሩን ዞረው፣ ሞተሩ በደንብ ግሎ ሲመለሱ ቀስቱ ወርዶ ወርዶ ዜሮ አጠገብ ተኛ። ነዳጅ ሲረገጥ ይነሳል፣ ሲለቀቅ ይተኛል። መብራቷ አላበደችም። ልክ ነበረች።

ዘይቱን ለካ፤ ሙሉ ነው። በጣቱ አሽቶ አሸተተ፤ ቤንዚን አልገባበትም፣ አልቀጠነም። ማጣሪያውን ቀየረ፤ ለውጥ የለም። ከዚያ ረጅም ካቻቢቴ አንስቶ ጫፉን ከሞተሩ ሥር ደገፈ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ አዳመጠ። ከላይ የሚመጣ ቀጭን ቲክ ቲክ ቢሆን አያስፈራም ነበር። የሰማው ግን ከታች፣ ነዳጅ ሲለቀቅ የሚመጣ፣ የታፈነ ድቅ ድቅ ነው። በመጨረሻ ዘይቱን በነጭ ጨርቅ አጣራው። ጨርቁ ላይ የሚያብረቀርቅ ብናኝ ቀረ፤ ከመካከሉም የመዳብ መልክ ያለው ነበረበት። የመዳቡ መልክ ከታየ የማቀፊያው የላይኛው ልባስ አልቋል ማለት ነው።

መካኒኩ ጨርቁን ለሹፌሩ ዘርግቶ አሳየው። «ብሮንዚኑ ተበልቷል። ዘይት ያጣበት ቀን ነበር?» አለው።

ሹፌሩ ሁሉንም ተናገረ። ቡሎኑን፣ ዳገቱን፣ ውሃ ነው ያለውን።

«በጥሩ ጊዜ ነው የመጣኸው» አለው መካኒኩ። «ኮሎው ገና አልተጎዳ ይሆናል። ከሥር ያለውን የዘይት መያዣ፣ ኮፓውን፣ ላውርደው፣ ማቀፊያዎቹን ልቀይራቸው። የአራት ቀን ሥራ ነው።»

«አራት ቀን መኪናው ከቆመ ለእድሩ ዳኛ መንገር አለብኝ።»

«ንገራቸዋ።»

«ለምን ተበላ ቢሉኝስ? አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያመሰገኑኝ ሰዎች ናቸው። በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?» አለና እጁን ያዘው። «ወፍራም ዘይት ሙላልኝ። ሌላውን ከፋሲካ በኋላ እናየዋለን። በእናትህ፣ በመካከላችን ይቅር።»

መካኒኩ ወፍራም ዘይት በሽታውን እንደማያድን፣ ድምፁን ብቻ እንደሚያፍን ያውቃል። ጧት ጧት ዘይቱ በብርድ ረግቶ ለማቀፊያው ዘግይቶ እንደሚደርስም ያውቃል። ግን ይሉኝታ ያዘው። አብሮ አደጉ ነው፤ እጁን ይዞታል፤ በእናቱ ለምኖታል። እና መካኒኩ...

ምን አስደበቀኝ፣ ይርገዱ! ይህን ያህል ዘመን ደብቄ ምን አተረፍኩ? መካኒኩ እኔ ነኝ። ወፍራሙን ዘይት በዚህ እጄ ቀዳሁ። ቀስቱ ትንሽ ከፍ አለ፤ ድቅ ድቁም ታፈነ። ሹፌሩ ሲስመኝ «ምንም አይደል» አልኩት። ጨርቁን አጣጥፌ ከዕቃ ሳጥኔ ሥር ከተትኩት። ዳኛው ቤት ለመሄድ የመቶ እርምጃ መንገድ ነበር፤ እኔ ግን «ምን አገባኝ፣ የራሱ ጉዳይ ነው» አልኩ። የራሱ ጉዳይ! የሰፈሩ ሬሳ ሁሉ የሚሄድበት መኪና!

ወፍራሙ ዘይት ብዙ አልቆየም። በሁለተኛው ወር መብራቷ ተመለሰች። ከእድሩ ሽማግሌዎች አንዱ ከፊት ወንበር ተቀምጠው «ይህቺ ቀይ ነገር ምንድን ናት?» ብለው ጠየቁት። «የደህንነት መብራት ናት፣ አባቴ» አላቸው። ያን ዕለት ማታ ሳይደርስ የቅዱስ ገብርኤልን ትንሽ ሥዕል ገዝቶ መብራቷ ላይ ለጠፈው። ሹፌር ሥዕል ቢለጥፍ ማን ይጠረጥረዋል? እንዲያውም አመሰገኑት። ከዚያ ወዲህ ከፊት የሚቀመጥ ሐዘንተኛ ሁሉ ጎንበስ ብሎ ሥዕሉን ይሳለማል። ሹፌሩ ኋላ እንደነገረኝ በእነዚያ ወራት ወደ ሥዕሉ ቀና ብሎ ማየት አልቻለም። ካህናቱ ለፍትሐት ሲያስቆሙት ከሥዕሉ ጠርዝ ቀጭን ቀይ መስመር ታያለች፤ እሱ ደግሞ ዓይኑን ወደ መንገዱ ያዞራል።

በዚያው ዓመት እናቴ አረፈች።

እድሩ መጣ፣ ድንኳን ተተከለ፣ መኪናው ታጥቦ በር ላይ ቆመ። ሹፌሩ ክራቫቱን አስሯል። ዓይን ለዓይን ተያየን፤ ሁለታችንም ወዲያው መሬት መሬት አየን። በትከሻ እንውሰዳት ማለት እችል ነበር። መኪናው ይቅር ማለት እችል ነበር። ምክንያቱን ይጠይቁኛል ብዬ ፈራሁ። እናቴን የጫንኳት ከሥዕሉ ሥር ምን እንዳለ እያወቅሁ ነው።

ቤተ ክርስቲያኑ ዳገት ላይ ነው። አራት ቦታ ቆምን፤ አለፈ። አምስተኛው ላይ ካህናቱ ጸሎቱን አስረዘሙት። እኔ ከመኪናው አጠገብ ቆሜ ልቅሶውን ሳይሆን ሞተሩን ነበር የማዳምጠው። የእናቴ ፍትሐት ሲደርስ ጆሮዬ ድቅ ድቁ ላይ ነበር። ይህን እስከ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል። ጸሎቱ አለቀ፤ መኪናው ዳገቱን ሊወጣ ገፋ አደረገ፤ ከሥሩ መዶሻ የወደቀ የሚመስል ድምፅ መጣና ሞተሩ ቀጥ አለ። ተቆለፈ። ወደ ኋላ ሲንሸራተት ሴቶቹ ጮኹ፤ ሹፌሩ ፍሬኑን ያዘ፤ ወጣቶቹ ከጎማው ሥር ድንጋይ ወረወሩ።

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ዳኛው መጥተው ትከሻዬን ያዙኝና «ልጄ፣ በሐዘንህ ላይ ላስቸግርህ፤ አንተ ታውቀዋለህና ምን የሆነ ይመስልሃል?» አሉኝ።

«እንጃ» አልኩ። «አላውቅም።»

የእናቴ ሳጥን ከሁለት ክንድ አይርቅም ነበር።

ሽማግሌዎቹ፣ ወጣቶቹ፣ የማላውቃቸው መንገደኞች ጭምር ሳጥኑን በትከሻቸው ተሸከሙ። ዳገቱን እየተቀባበሉ አወጧት። ማንም አላጉረመረመም። አንዱ ጎልማሳ ጫማው ተበጥሶ በካልሲ ሲሄድ አየሁት። ይህ ሁሉ ደግነት ነው፤ ለእኔ ግን በጥፊ ቢመቱኝ ይቀለኝ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ ሕዝቡ በደጀ ሰላሙ ተቀምጦ ሳለ ዳኛው ተነሡ። «ሹፌራችንን ማንም ክፉ እንዳይናገረው» አሉ። «መኪና ዕቃ ነው፤ ይሰበራል። ይህ ሰው አሥራ አንድ ዓመት በታማኝነት ያገለገለን ነው። እንግዲህ ምን እንላለን? እናመሰግነዋለን!»

ሰው ሁሉ «እውነት ነው» አለ።

ሹፌሩ ከተቀመጠበት ተነሣ። ከኪሱ ያቺን ትንሽ ሥዕል አወጣ፤ ከመኪናው ልጦ ይዟት መጥቶ ኖሯል። እንዲህም አለ፦ «አባቶቼ፣ አታመስግኑኝ። መኪናው ዛሬ አይደለም የታመመው፤ ከመስቀል ጀምሮ ነው። የዘይቱን ቡሎን ሳላጠብቅ የሄድኩት እኔ ነኝ። የዘይት መብራት ነበረች፤ ትነግረኝ ነበር። እንዳታዩዋት በዚህ ሥዕል የሸፈንኳት እኔ ነኝ። እናንተ ስትሳለሙት ዝም ብዬ አይ ነበር።»

 ዳኛው «ለምን አልነገርከንም?» አሉት።

«አፈርኩ።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬም እያፈርኩ ነው የምነግርዎት።»

«ሌላ የሚያውቅ ነበር?»

እኔ እዚያው ነበርኩ፤ ነጠላዬን እንደ ሐዘንተኛ አጣፍቼ ከፊት ተቀምጬ ነበር። ሹፌሩ ወደ እኔ አላየም። ሆን ብሎ አላየም። «የማውቀው እኔ ነኝ» አላቸው። እኔም ዝም አልኩ። ሐዘን የሰበረኝ መስሏቸው አንዲት ሴት ውሃ አመጡልኝ፤ ጠጣሁ።

ቁልፉን ወሰዱበት። ሰደቡትም፤ ያልሰደበው የለም ማለት ይቻላል። ሞተሩን በሳምንቱ የፈታሁት እኔ ነኝ። ኮሎው በሙቀት ጠቁሯል፣ ማቀፊያው ተጨራምቶ ከቦታው ዞሯል። የአራት ቀን ሥራ የነበረው የማይጠገን ሆኗል። ሰፈሩ ሁለት ክረምት ያለ መኪና ሬሳውን በተገኘው ጭነት መኪና ላይ ጫነ። በሁለተኛው ዓመት ሌላ መኪና ሲገኝ ማን ይንዳው የሚል ነገር ተነሣ፤ ዳኛው ያንኑ ሹፌር አስጠሩት። «መብራት ሲበራ የሚነግረን ሰው ከዚህ በኋላ እሱ ነው» አሉና ቁልፉን በእጁ ሰጡት። ያን ቀን ሲያለቅስ አይቼዋለሁ። ዛሬ ሸምግሏል፤ ሲስቅ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል።

እኔን ደግሞ ማንም ምንም አላለኝም። «በሐዘኑ ላይ እንኳ ሞተር ፈታልን» ብለው መረቁኝ።

ይኸው ነው ይርገዱ። አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ፤ በደንብ ስሚኝ። እፍረትሽ ያቺ ቀይ መብራት ናት። በሽታሽ እሷ አይደለችም። በሽታው ሌላ ቦታ ነው፤ ከታች፣ አንቺና ያቺ ልጅ በምትገናኙበት ቦታ፣ የተፋቀ ነገር አለ። እሷ የምትነግርሽ ያንን ነው። አንቺ ግን መጥተሽ «ጋሼ፣ መብራቷን አጥፋልኝ» ትይኛለሽ። ማጥፋቱንማ አውቅበታለሁ! አንድ ጊዜ አጥፍቼ የሆነውን ነገርኩሽ።

ስትሮጪ እንደምትጠፋ አንቺም ደርሰሽበታል። የቅዳሜ ማጠናከሪያ ትምህርት የጨመርሽው፣ የሌሎቹን መምህራን ክፍለ ጊዜ የምትሸፍኚው ለምን ይመስልሻል? ቆም ስትዪ ስለምትበራብሽ ነው። እኔም ጋራዥ ውስጥ ሳለሁ፣ እጄ ሥራ ላይ ሳለ፣ ብዙም አትታየኝም ነበር። ቤት መዋል ከጀመርኩ ወዲህ ግን አንድም ቀን አልጠፋችም። በጸሎት ስቆም ትበራለች፤ የእናቴ መታሰቢያ በመጣ ቁጥር ትበራለች። «ጥብቅ መምህርት ናት» የሚሉሽም ስም እንደዚያ ሥዕል ሆኖልሻል፤ ሰው ይሳለመዋል፣ አንቺ ግን ቀና ብለሽ ማየት አቅቶሻል።

ርእሰ መምህሩ ደህና ይሉሻል ብዬ አልዋሽሽም። ይቆጡ ይሆናል፤ ከክፍል አውጥተው ቢሮ ያስቀምጡሽም ይሆናል። አላውቅም። የማውቀው ነገሩ ዛሬ ገና እንደዚያ ሞተር የአራት ቀን ሥራ መሆኑን ነው። ከዓርብ በኋላ ካርዱ ከተሰጠ፣ ልጅቷ «እኔ ደደብ ነኝ» ብላ ካመነች፣ በምን ቁልፍ ትፈቺዋለሽ? ጆሮሽን ንገሪያቸው፤ ዜሮዋን አስነሺ፤ ልጅቷን በክፍሉ ሁሉ ፊት «መልሰሻል፣ እኔ ነኝ ያልሰማሁሽ» በያት። «ቁጭ በይ» ያልሻትንም ጓደኛዋን አትርሺ። ከሁሉ የበለጠ የሚያስፈልግሽ የእሷ ድፍረት ነው።

እያፈርሽ ሂጂ። እፍረቱ እስኪያልፍ ከጠበቅሽ እንደ እኔ ትሸመግያለሽ። ያ ሹፌር እያፈረ ነው የተነሣው። እኔ አፍሬ ቁጭ እንዳልኩ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሆነኝ፤ አውቆ ዝም ያለው መካኒክ እኔ መሆኔን ከአፌ ዛሬ ካንቺ በቀር የሰማ ሰው የለም።

በይ ዕንባሽን ጥረጊ። ትምህርት ቤቱ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አይዘጋም። ከበሩ ኋላ ያለውን ከዘራዬን አቀብዪኝ፣ ኮቴንም። የሹፌሩ ቤት በመንገድሽ ላይ ነው፤ እኔም እያፈርኩ የምለው አለኝ፤ እስከዚያ አብረን እንሄዳለን።